ቀን ሳይጋመስ የሚሞተው ስልክ

እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። ቤቱ ሁሉ ተኝቷል፤ ማዳም ተኝታለች፣ ልጆቹ ተኝተዋል፣ የኩዌት የሐምሌ ፀሐይ ውጭ ያለውን ፍጡር በሙሉ ወደ ቤት አስገብቶ አስተኝቷል፣ ሩሀማ ብቻ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ፍራሿ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ሻሿ ሥር ሸጉጣ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ መርካቶን ታዳምጣለች። ዝናብ ነው። ሲኒማ ራስ አካባቢ ባለው የገበያ አዳራሽ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል፣ አንድ ተሸካሚ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ያልፋል፣ ከዚያ ብረት ሜትሩ ባንኮኒው ላይ ቀጭ ይላል፣ መቀሱ ጨርቁን ጫፉ ላይ ትንሽ ይነክሰውና እናቷ በሁለት እጇ ቸርርር ታደርገዋለች፤ ይሄ ድምፅ ሲመጣ ሩሀማ ፈገግ ትላለች፣ መጋረጃ ተሸጠ ማለት ነዋ፣ እትዬ ሸዋርካብሽ ዛሬም አንዷን ደንበኛ ረታች ማለት ነው። ይሄን ሁሉ የምትሰማው በስልክ ነው፣ ስልኩ ያለው እናቷ ደረት ውስጥ ነው፣ እናቷም ልጇ እየሰማቻት መሆኑን አታውቅም።

ሲጀመር ተንኮል አልነበረበትም። ስልኩን የላከችው ለፋሲካ ነው፣ ወደ አገር በምትገባ አንዲት ልጅ እጅ፣ ከነካርቶኑ፣ ከነላስቲኩ፤ እናቷ እስከዚያ ድረስ የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር። እናቷ መጋረጃ ከምትሸጥበት እዚያው ፎቅ ላይ ያለው አስመጪ ባህረዲን፣ እሱ ደግ የስልጤ ልጅ፣ «እትዬ ሸዋርካብሽ፣ የኔ ዋይፋይ እያለ እርስዎ ለወሬ ካርድ አይሞሉም» ብሎ የይለፍ ቃሉን ራሱ አስገባላት፣ ኢሞ ጫነላት፣ የሩሀማንም ስም እናቷ እንደምትጠራት «ሩሁዬ» ብሎ ራሱ ጻፈላት። የመጀመሪያው ቀን ተላቅሰው፣ ተሳስቀው፣ ምርቃቱም ወርዶ ሲያበቃ እናቷ «በይ የኔ ልጅ፣ ቸር ዋዪልኝ» አለችና ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። አልዘጋችውም። ሩሀማም አልዘጋችም፤ እንዴት ትዘጋለች? ልጅ በእናቱ ጆሮ ላይ ስልክ አይጠረቅምም፣ ትልቅ ሰው እስኪዘጋ ይጠበቃል፣ እንዲህ ተብላ ነው ያደገችው። ስለዚህ ጠበቀች። አሁን ትዘጋለች፣ አሁን ትዘጋለች ስትል፣ አንዲት ሴት ከወዲያ በኩል መጣችና «ይሄ ባለ አበባው ስንት ነው?» አለች፣ እናቷም መለሰችላት፤ ከዚያ በኋላ ማን ይዘጋል? በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ፣ በሠልስቱም፣ እየቆየ ሲሄድ ሩሀማ መጠበቋን ትታ ማዳመጧን ብቻ ያዘች።

የምትሰማው ደግሞ እናቷን ሳይሆን የማታውቃትን ሴት ነው። ልጅ ሆና እናቷ ማለት ማታ እግሯን እየጎተተች የምትገባ፣ ጫማዋን አውልቃ ግድግዳ የምትደገፍ፣ «እስቲ ውሃ አቀብዪኝ» የምትል ሴት ነበረች፤ ቀን ምን ሆና እንደምትውል ሩሀማ ጠይቃም አታውቅ፣ ሱቅ ከመጣችም ጨርቅ ክምር ላይ ተኝታ ነው የምትውለው፣ አሁንም ዓይኗን ስትጨፍን እዚያው ክምር ላይ ናት፣ አዲስ ጨርቅ ይሸታታል፣ ማሽኑ መዞሩን ሲጨርስ ጢጥ ይልና ኩዌት ይመልሳታል። እናቷ ዋጋ አስቀድማ አትጠራም። ደንበኛ «ስንት ነው?» ስትላት «መስኮትሽ ወዴት ነው የሚያየው?» ትላለች፤ «ወደ ፀሐይ መውጫ»፤ «እንግዲያስ ይሄ ቀዩ በዓመቱ ይገረጣብሻል፣ ያንን ላውርድልሽ። ልጅ አለሽ? መጋረጃ የሚጎትት ነው የሚደበቅበት?» ሴትየዋ ትስቃለች፣ «የሚደበቅበት» ትላለች፤ «ታዲያ ረዘም ይበል፣ እግሩ የታየበት ልጅ ኩርፊያው አይቻልም»። ዋጋ እስኪጠራ ድረስ ሴትየዋ በልቧ መጋረጃውን ሰቅላ ጨርሳለች። ልዙር የምትለውን አትለማመጥም፤ «ዙሪ እንጂ የኔ እመቤት፣ መርካቶ ለመዞር አይደል የመጣሽው? ሲደክምሽ በርጩማ እዚህ አለ» ትላለች፣ ሴትየዋም ዞራ ዞራ እዚያው በርጩማ ላይ ትመጣለች። አንድ ቀን ለሠርጓ የምትገዛ ልጅ ውድ የተባለውን ጨርቅ ይዛ አልለቅም አለች፣ እናቷ ግን «ተዪው፣ ይሄ ቀለሙ ይለቃል፣ ገና በመጀመሪያው እጥበት ታለቅሺበታለሽ» ብላ ከእጇ ተቀበለቻት፣ ርካሹን ለካች፣ ቀደደች፣ «በደስታ የሚከፈትና የሚዘጋ ያድርግልሽ» ብላ መረቀቻት። ሩሀማ ያን ጊዜ የማዳምን ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቁማ «እንዴት ያለች ሴት ናት!» አለች፣ ጮክ ብላ፣ በአማርኛ። ማዳም ከሳሎን ምን አልሽ ብላ ጠየቀቻት።

ምን ትበላት? እናቴን አደነቅሁ ትበላት? ኩዌት የገባች ሰሞን ምንም ነገር አልገባት ብሎ ነበር፣ የምድጃው ቁልፍ አልገባት፣ የማጠቢያው ማሽን ጽሑፍ አልገባት፣ ፓስፖርቷ የት ሄደ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሉት ነገር ማን እጅ ነው ያለው፣ ከቤት ወጥቶ ሱቅ ለመሄድ ማን ነው የሚፈቅደው፣ ሁሉም ነገር ሰው የማይጠየቅበት ሥርዓት ነበረው፣ እሷም እንደ ዕቃ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስትል ነበር የምትውለው። አሁን ግን እናቷ ትመራታለች። እናቷ ደንበኛ ስትቆጣባት ድምጿን ዝቅ እንደምታደርግ ሰማች፣ እሷም ማዳም ስትቆጣ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ ማዳምም ግራ ገብቷት ዝቅ አለች። እናቷ ጥፋት ከሆነ «የኔ ነው» ብላ እንደምትጨርሰው ሰማች፣ እሷም የተሰበረውን ብርጭቆ «የኔ ነው» አለችና ነገሩ እዚያው አለቀ። አገር ቤት ሳለች ያልተማረችውን ባሕር ተሻግራ ከእናቷ ደረት ውስጥ ትማራለች፤ ለዚህ ነው ይሄ ድምፅ ከሌለ ቀኑ የማይገፋላት። እናቷ ከአዳራሹ በር ስትወጣ የባህረዲን ዋይፋይ ያልቃል፣ ድምፁ ይቆራረጥና ዝም ይላል፣ የሩሀማ መርካቶ እዚያችው በር ላይ ነው የሚያበቃው። ባለፈው፣ አገር አቀፍ ፈተና እንዳይሰረቅ ተብሎ አገር ቤት ኢንተርኔት የተዘጋ ሰሞን፣ ሳህን ስትሰብር ነው የከረመችው፣ ማዳም አሟት ይሆን ብላ ግንባሯን ዳበሰቻት።

ስልኩ ግን ታከተው። ጠዋት ሙሉ ሆኖ ከቤት ይወጣል፣ ቀን ሳይጋመስ ይሞታል። ኢሞ ተከፍቶ ሲውል ባትሪ እንደሚጨርስ ሩሀማ ታውቃለች፣ እናቷ አታውቅም፣ አዳራሹም አያውቅም፣ ስለዚህ አዳራሹ በሙሉ ሐኪም ሆኖ ቁጭ አለ። ባህረዲን «አዲስ ስልክ መጀመሪያ ጠፍቶ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ መደረግ ነበረበት፣ እሱን ነው የዘለሉት» አለ፤ እናቷ አጥፍታ ሌሊቱን ሙሉ ሰካችው፣ አልዳነም። አንድ ደንበኛ «ብርሃኑን ይቀንሱ» አለ፤ ቀነሰች፣ ከዚያ ወዲያ ማን እንደደወለላት ለማየት ስልኩን ይዛ መጋረጃ ሥር መግባት ሆነ ሥራዋ፣ ያን ዕለት ግን ስልኩ እስከ ማታ ዋለ፣ አዳራሹም ፍቱን መድኃኒት ተገኘ ብሎ ተደሰተ። እውነቱ ማዳም እንግዳ ጠርታ ሩሀማ ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ መክተት ያልቻለችበት ቀን መሆኑ ነው። በማግሥቱ እንግዶቹ ሄዱ፣ ስልኩም ሞተ። ፎቶ በዝቶበት ነው ተብሎ ፎቶ ተደመሰሰ፣ የሩሀማ ፎቶዎች ግን አልተነኩም፣ «እነሱ ባትሪ አይበሉም» አለች እናቷ ቁርጥ አድርጋ። ደረት ውስጥ ሞቆት ነው ተብሎ ዘንቢል ውስጥ ገባ፣ ዘንቢል ውስጥም ጋለ፣ «እንደታመመ ልጅ ይግላል እኮ» ስትል እናቷን ሰምታ ሩሀማ በዚያ በባዕድ ወጥ ቤት ውስጥ አንገቷን ደፋች። ይባስ ብላ ደግሞ ስልኩ ሞቶ፣ ባህረዲን ዘንድ ተሰክቶ፣ ነፍስ ሲዘራ መልሳ ትደውልና «እማዬ፣ ስልክሽ ምን ሆኖ ነው የሚጠፋው?» ትላለች፣ ምንም እንደማታውቅ ሆና። እናቷም «ኔትወርክ ነው ልጄ፣ ስልኩማ ወርቅ ነው» ትላለች። እናት ልጇን ላለማስከፋት ትዋሻለች፣ ልጅ ግን ለጥቅሟ ነው የምትዋሸው፣ ይሄን ስታስብ ፍራሹ ይጎረብጣታል።

ፎርጅድ የሚለውን ቃል ያመጣችው ፋናዬ ናት። ፋናዬ ፊት ለፊት አንሶላ የምትሸጥ የእናቷ የረጅም ዘመን ጎረቤት ናት፣ ክፉ ሰው አይደለችም፣ አፏ ግን ፍሬን የለውም። «ሸዋርካብሽ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄ ስልክ ፎርጅድ ነው» አለች አንድ ቀን፣ አዳራሹ እየሰማ።

«ልጄ ፎርጅድ አትልክም።»

«አውቃማ አትልክም፣ ተሸውዳ ነው እንጂ። የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፣ ለእሷ ማን ደህናውን ይሸጥላታል?»

ሜትሩ ባንኮኒው ላይ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ተሰማ። ሩሀማ ሳህን ይዛ ቆመች፣ ውሃው ይፈሳል። «ፋናዬ፣ አንሶላሽን ሽጪ» አለች እናቷ፣ ሌላ አልጨመረችም፣ ፋናዬም ከዚያ በኋላ ስለ ዝናቡ ነበር የምታወራው። ቆይቶ፣ ደንበኛ ሁሉ ሲሄድ፣ እናቷ ብቻዋን ጨርቅ እያጠፈች «ደህና ነኝ ትላለች» አለች፣ ለማንም አይደለም፣ ለጨርቁ ነው። «ድምጿ ግን ከስቷል።» ሩሀማ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመደወሏ በፊት አንድ ሁለት ጉርሻ ትበላለች፣ ድምጿ እንዲወፍር፣ እናቷም ሳታውቀው ልጇን ትመግባለች።

ዛሬ ግን ነገሩ ከረረ። ጠዋት ፋናዬ «ውሰጂና ለሀምዲያ አሳዪያት፣ ፎርጅድ ነው ካለችሽ እዚያው ለውጪውና ባለ ቁልፏን ያዢ፣ እሷ ሳምንት ሙሉ አትሞትም» አለቻት፣ እናቷም «እሺ፣ ከሰዓት» አለች። ስልኩ እንደ ልማዱ ሞቶ፣ ባህረዲን ዘንድ ተሰክቶ ነፍስ ዘራ፣ ሩሀማ ከምሳ በኋላ እንደገና ደወለች፣ ከሰዓቱም ደረሰ። ሀምዲያ ደረጃው ሥር፣ በመስታወት ሣጥን ኋላ ቁጭ ብላ ስልክ የምትጠግን ልጅ ናት። ሩሀማ ስታስበው ባለ ቁልፍ ስልክ ማለት ኢሞ የለም ማለት ነው፣ በካርድ የሚወራ ወሬ ማለት ነው፣ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ቸር ዋዪ፣ ከዚያ የማጠቢያው ማሽን ድምፅ እስከ ማታ። አሁን ብትዘጋ ስልኩ ይድናል፣ ስሟም ይድናል፣ ፋናዬም ታፍራለች፣ አዳራሹ ግን ከጆሮዋ ይጠፋል። ዝም ብትል ስልኩ ይለወጣል፣ ያው ይጠፋል። ብትናገርስ? «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ስሰማሽ ነው የከረምኩት» ብትልስ? ይሄ ከሁሉም ይከፋል። እናቷ መሰማቷን ካወቀች ከዚያ ወዲያ የምታወራው በስልኩ ድምጿ ነው፣ ወርቅ ነው፣ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ምንም አይለኝም በሚለው ድምጿ፣ ያቺ የባንኮኒዋ ሴት ትደበቃለች፣ ሩሀማም ሁለተኛ አታገኛትም። በስንት ዘመን ያገኘቻትን እናት ልታጣ ነው፣ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች፣ ስልኳን በሁለት እጇ ያዘች፣ አውራ ጣቷ ቀዩ የመዝጊያ ምልክት ላይ ነው፣ አይጫንም።

እናቷ ደረጃ ትወርዳለች። በየደረጃው ትንፋሿ ይሰማል፣ «ጉልበቴን ምንም አይለኝም» ያለችው ሴት በየደረጃው «እፍፍ» ትላለች። ዝናቡ ከጣሪያው ይርቃል፣ የሰው ጫጫታ ይቀርባል።

«እንዴት ዋልሽ ሀምዲያ፣ ልጄ።»

«አልሐምዱሊላህ። እርስዎ እንዴት ዋሉ እትዬ ሸዋርካብሽ? ይቀመጡ፣ በርጩማውን ይሳቡት።»

«ይሄን ስልክ እንድታዪልኝ ነው፣ ቀን ሳይጋመስ እየሞተ አስቸገረኝ። ከማየትሽ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ልጄ ናት የላከችልኝ። ፎርጅድ ከሆነ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ፣ ለፋናዬ ኦሪጅናል ነው በያት።»

ሩሀማ አፏን በሻሿ ያዘች። እንዲህም አድርጋ ልጇን ትሸፍናለች፣ ይህቺ ሴት፣ ቀለሙ የሚለቅ ጨርቅ ለማንም የማትሸጥ፣ ለልጇ ስም ስትል መርካቶን ልትዋሽ ተዘጋጅታ መጥታለች። ስልኩ ከደረት ወጣ፣ ድምፁ ሁሉ ድንገት ጠራ፣ የሀምዲያ ጥፍር ጀርባውን ሲነካው ጆሮዋ ውስጥ ነው የተነካው።

«ኦሪጅናል ነው» አለች ሀምዲያ።

«እውነት?»

«ወላሂ። እንዲህ ያለው እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም።»

እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። «እኔስ ብዬ ነበር» አለች። «ታዲያ ምን አግኝቶት ነው?»

«ምንም አላገኘውም እትዬ። ሥራ ላይ ሆኖ ነው።»

«የምን ሥራ?»

«ጥሪ ላይ ነዎት እኮ። ይኸው፣ የሚሮጠው ቁጥር ይታይዎታል? ሩሁዬ ይላል ስሙ። ከምሳ በኋላ የተከፈተ ነው፣ እስካሁን አልተዘጋም።» ጣቷ መስታወቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል። «ትናንትም እንደዚሁ ነው የዋለው። ከትናንት ወዲያም። ባትሪውን የሚጨርሰው ይሄ ነው።»

«እኔ እኮ የደወለው ሰው ነው የሚዘጋው ብዬ» አለች እናቷ፣ ድምጿ ቀርቦ፣ ለራሷ በሚመስል አነጋገር። «ባለ ቁልፉ ጊዜ ካርዷ ሲያልቅ ራሱ ይቆረጥ ነበር፣ ማናችንም ዘግተን አናውቅም።» ከዚያ ዝም አለች። ሩሀማ ይሄን ዝምታ አታውቀውም፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስትሰማ እንዲህ ያለ ዝምታ ከእናቷ ሰምታ አታውቅም፤ እናቷ ቀኖቹን ወደ ኋላ እያገላበጠች ነው፣ ትናንት ያለችውን፣ ከትናንት ወዲያ ያለችውን፣ ለጨርቁ የነገረችውን። ሩሀማ ፊቷ ይቃጠላል።

«ልዝጋው?» አለች ሀምዲያ።

«እጅሽን አንሺ!»

ሀምዲያ ደነገጠች፣ አጠገቡ ያለ ሰው ሁሉ የደነገጠ ይመስላል፣ ኩዌት ያለችውም ደነገጠች። ስልኩ ከመስታወቱ ላይ ተነሳ። የእናቷ ትንፋሽ መጣ፣ ቅርብ፣ ጆሮዋ ሥር። «ሩሁዬ» አለች፣ አልጠየቀቻትም፣ መልስም አልጠበቀች፣ ዝም ብላ ስሟን ጠራችና ስልኩን መልሳ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችው፣ በጀርባው፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ።

«መዝጋቱን ተዪው» አለች። «ሳይዘጋ እስከ ማታ የሚያውለው ነገር የለሽም?»

«ፓወር ባንክ አለ። በኪስ ይያዛል፣ ከስልኩ ጋር ይቀጠላል።»

«አምጪው እስቲ።»

ካርቶን መስታወቱ ላይ ተቀመጠ፣ ተከፈተ፣ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። «ይሄ የትኛው አገር ሥራ ነው? ይግላል? እኔ ደረቴ ውስጥ ነው የምይዘው፣ የሚግል ከሆነ ከአሁኑ ንገሪኝ። ሽቦው ለምንድን ነው ያጠረው?» ሀምዲያ ሁሉንም በትዕግሥት መለሰች፣ እናቷም ሁሉንም አዳመጠች፣ መጨረሻ ላይ ዋጋውን ጠየቀች፣ ሀምዲያም ነገረቻት። ሩሀማ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። የስልኩ ድምፅ እስኪመጣ ነው የምትጠብቀው፣ ያ ሁሉ ነገር ወርቅ ነው የሚለው፣ ልጅ እየሰማ ነው ተብሎ የሚለሰልሰው። አልመጣም። የመጣው የባንኮኒው ድምፅ ነው፣ ያው ዝግ ያለው፣ የማይቸኩለው፣ ስንቱን ደንበኛ በርጩማ ላይ የመለሰው፣ ሩሀማም ፍራሿ ላይ እያለቀሰች በሳቅ ፈነዳች፣ ሳቋም ሲኒማ ራስ ደረሰ።

«ቀንሺ እንጂ ሀምዲያ» አለች እናቷ። «ልጄ እየሰማችሽ ነው።»